«ቶሎ አትመልስ»

«ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» በተባለው የስለላ ፊልም ላይ የምናየው ቀይ ባሕር፣ ቀይ ባሕር አይደለም። የሱዳን በረሃ ሆኖ የቀረበልን አገር ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። የኢትዮጵያ ገጠር ተብሎ የሚታየው መንደርም የተቀረጸው እዚያው ነው፤ ካሜራው አፈራችንን አልረገጠም። ፊልሙን የጻፈውና ያዘጋጀው እስራኤላዊው ጊዲዮን ራፍ ሲሆን፣ «ሆምላንድ» ለሚባለው ታዋቂ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ መነሻ የሆነው ሥራም የእሱ ነው። ክሪስ ኢቫንስ ዋናው የሞሳድ (የእስራኤል የስለላ ድርጅት) ሰላይ፣ ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ኢትዮጵያዊው ከበደ ቢምሮ ሆነው ይሠራሉ። በኔትፍሊክስ ለሕዝብ የቀረበው ሐምሌ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።

የስለላ ፊልም እወዳለሁ። ቀበና ሳድግ፣ ቪዲዮ ቤት ገብተን የጄምስ ቦንድ ፊልም ካየን በኋላ ጓደኞቼ ድብድቡን እየደጋገሙ ሲያወሩ፣ እኔ «ያንን መኪና እንዴት ገለበጡት? ያ ከተማ የት ነው?» እያልኩ አስቸግራቸው ነበር። ልማዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ፊልም ሲጥመኝ የተቀረጸበትን ቦታ፣ የተነሳበትን እውነተኛ ታሪክ፣ የተጨመረበትንና የተቀነሰበትን ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይኼኛው ፊልም ግን ከሌሎቹ ሁሉ ርቆ ሄደ። ከልጅነቴ ጀምሮ ለማንም፣ ለንስሐ አባቴም ጭምር፣ ያልተናገርኩትን ነገር አስነሳብኝ።

በቅድሚያ ስለ እውነተኛው ታሪክ ልናገር፤ ከፊልሙ ይበልጥ ያስደንቃልና።

ቦታው አሩስ ይባላል። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በረሃና ባሕር የሚገናኙበት ዳርቻ ላይ ጣሊያናዊ ባለሀብቶች የሠሩት መዝናኛ ነበር። 15 ያህል አነስተኛ ቤቶች፣ ወጥ ቤትና ወደ ባሕሩ የተከፈተ ሰፊ የመመገቢያ አዳራሽ ነበረው። የቧንቧ ውሃ አልነበረውም፣ መብራት አልነበረውም፣ ደህና መንገድም አልነበረውም፤ ባለቤቶቹ ትተውት ሄዱ። የሞሳድ ሰዎች የስዊዘርላንድ ኩባንያ ነን ብለው ከሱዳን መንግሥት ጋር ተዋዋሉና ለ3 ዓመት በ320,000 ዶላር ተከራዩት። ዓላማቸው በሱዳን የስደተኛ መጠለያዎች ውስጥ ማንነታቸውን ደብቀው የተቀመጡትን ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ በሌሊት በባሕር ማውጣት ነበር። ሱዳን ያን ጊዜ ከእስራኤል ጋር በጠላትነት የምትተያይ አገር ስለነበረች፣ ፈረንጅ በዚያ ዳርቻ ሲንቀሳቀስ ቢታይ ሰው የሚቀበለው ምክንያት ያስፈልጋል። ጠላቂ ቱሪስት ደግሞ ጥሩ ምክንያት ነው።

በፊልሙ ውስጥ አንድ ቀን ጀርመናውያን ቱሪስቶች ሳይታሰብ በአውቶቡስ ከች ይላሉ፤ ሰላዮቹም ይደነግጡና እውነተኛ ሆቴል ለመሆን ይገደዳሉ። ትዕይንቱ ሲያዩት የተጋነነ ይመስላል። እውነታው ግን ይብሳል። በሺዎች የሚቆጠር የማስታወቂያ ወረቀት አሳትመው አውሮፓ ውስጥ በትነዋል፤ ካርቱም ላይም ቢሮ ከፍተው እንግዳ ይመዘግቡ ነበር። የአየር ማቀዝቀዣውን፣ የጀልባ ሞተሩን፣ የውሃ ስፖርት ዕቃውን ከእስራኤል አስመጥተዋል። ከሌላ ሆቴል የወሰዱትን ምግብ አብሳይ እጥፍ ደመወዝ ከፍለውታል። ካርቱም ያሉ ዲፕሎማቶች፣ የእንግሊዝ ኮማንዶዎች፣ የግብፅ ወታደሮች ሁሉ አርፈውበታል። ቤቱ ትርፍ ማምጣት ጀመረ፤ ለስደተኞቹ ማመላለሻ የሚሆኑትን የጭነት መኪናዎች ወጪ እስከ መሸፈን ደረሰ። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑት አስተናጋጆችና አልጋ አንጣፊዎች አሠሪዎቻቸው እነማን እንደሆኑ አያውቁም ነበር። የዕለት ሥራውን እንድትመራ የተደረገችው ሴት ነበረች፤ ሴት ስታስተዳድረው ጥርጣሬ ይቀንሳል ብለው ነው። የሬዲዮ መገናኛው የተደበቀው የጠላቂዎች ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ወደዚያ እንግዳ አይገባም ነበር።

በጣም የምወደው ታሪክ ግን በ1974 ዓ.ም. መጋቢት ወር አካባቢ የሆነው ነው። ስደተኞቹን ከዳርቻው በጎማ ጀልባ እያወጡ «ባት ጋሊም» ወደተባለችው መርከብ ሲያሻግሩ፣ የሱዳን ወታደሮች ደርሰው ተኮሱ። የመጨረሻዋ ጀልባ ከዳርቻው ለቅቃለች፤ ሰላዮቹ ብቻ ናቸው የቀሩት። የቡድኑ መሪ ዳኒ ሊሞር ወደ መኮንኑ ሄዶ ጮኸበት፦ ሌሊት የሚጠልቁ ቱሪስቶች ላይ ትተኩሳለህ ወይ፣ ለአለቆችህ ነው የምናገረው አለው። መኮንኑም ኮንትሮባንዲስት መስለውት እንደሆነ ነግሮት ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ግን ባሕሩ አደገኛ ስለሆነ በሌሊት በረሃ ላይ የሚያርፍ ሄርኩለስ የተባለ የጦር አውሮፕላን መጠቀም ጀመሩ። ቀጥሎም ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በቤልጂግ አየር መንገድ ከካርቱም በብራስልስ በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወጡ፤ ወሬው በዓለም ጋዜጦች ሲወጣ ተቋረጠ። በመጋቢት አሜሪካኖች ከገዳሬፍ አቅራቢያ የቀሩትን ጥቂት መቶዎች በራሳቸው የጦር አውሮፕላን አወጡ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ አጣብቆ የሚያሳየን እነዚህን በተለያየ ጊዜ የሆኑ ነገሮች ነው። እንደ ፊልም ሠሪ ብሆን እኔም ይህንኑ አደርግ ይሆናል፤ ሁለት ሰዓት አጭር ነው።

መጋቢት 28 ቀን 1977 ዓ.ም. የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ከሥልጣን ሲወርዱ አዲሶቹ ወታደሮች የሞሳድ ሰው ማደን ጀመሩ። አሩስ ያሉትም ውጡ ተባሉ። ገና ሳይነጋ ተነስተው በረሃው ውስጥ ወደሚጠብቃቸው አውሮፕላን ነዱ። ቱሪስቶቹ ሲነቁ ምግብ አብሳዩ አለ፣ አስተናጋጁ አለ፣ ጠላቂ አስተማሪዎቹና ሥራ አስኪያጇ ግን የሉም።

ስለ ከበደ ቢምሮ ጥቂት ማለት አለብኝ። መነሻው ፈረደ አክሉም ነው፤ ትግራይ ተወልዶ ያደገ መምህር። ደርግ ሲፈልገው ወደ ሱዳን ተሻገረና፣ ከካርቱም ለእርዳታ ድርጅቶች የአውሮፕላን ቲኬት እንዲልኩለት ደብዳቤ ጻፈ። ከደብዳቤዎቹ አንዱ እየዞረ ሞሳድ እጅ ገባ። ዳኒ ሊሞር ፈልጎ ያገኘው በዚያ ደብዳቤ ምክንያት ነው። በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ እንደሚቻል ወገኖቹ ጋ መልእክት የላከው ፈረደ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ግን ፈረንጁ ሰላይ ቀድሞ ደርሶ ሲያድን እናያለን። ተዋናዩ ዊሊያምስ የቻለውን ያህል ክብር ሰጥቶ ተጫውቶታል፤ ታሪኩን ያስጀመረው ሰው ከታሪኩ ጎን መቆሙ ግን ያሳዝነኛል። መምህር ፈረደ እ.ኤ.አ. በ2009 አርፏል፤ ፊልሙን አላየውም።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። አዲስ አበባ፣ ጎሮ የምንኖር ሰዎች ከአውሮፕላን ድምፅ ጋር ተላምደናል። ወደ ቦሌ የሚያርፈው ጣሪያችንን የሚነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ያልፋል። ፊልሙን ከቤተሰቤ ጋር ያየሁት በፋሲካ ማግስት፣ ልጄ በፍላሽ ይዞት መጥቶ ነው። ከጎናችን ያለው ጊቢ ውስጥ የሚኖሩ የጎንደር ወገራ እናት ቡና ሊጠጡ ገብተው አብረውን ተቀመጡ። እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ ልጆቹ እየተረጎሙላቸው ነበር። ስለ ሆቴሉ ሲነገራቸው ብዙም አልገረማቸውም። ሰዎቹ ጓዛቸውን ተሸክመው ተሰልፈው በሌሊት ሲሄዱ የሚታይበት ቦታ ሲደርስ ግን ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«እነዚህማ ብዙ ያወራሉ» አሉ። «እንዲህ እያወሩ ሱዳን አይደረስም ልጄ።»

ፊልሙን አስቁመን አዳመጥናቸው። ሰዎቹ ወደ ሱዳን ይሄዱ በነበረበት በዚያ ዘመን አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ከመንደራቸው ማዶ ቤተ እስራኤል ጎረቤቶች ነበሯቸው፤ ሴቲቱ ሸክላ ሠሪ፣ ባሏ ቀጥቃጭ። በገበያ ቀን ጋን ሊገዙ ወደ እሷ ሄዱ። ዋጋ ሲቀንሱባት አልተከራከረችም፤ ከጋኑ ላይ ምጣድ መረቀችላቸው። ከአጠገቧ ትንሽ ሴት ልጇ ነበረች። «ነገ የት ልትሄዱ ነው፣ ቤታችሁ ተጠራርጓል» ብለው ልጅቷን ቢጠይቋት «ለሰርግ» አለች። «የማን ሰርግ?» ሲሏት ወዲያው አልመለሰችም። የምታበጀውን የጭቃ አሻንጉሊት አገላብጣ አየች፤ ከዚያ «የአጎቴ» አለች። በማግስቱ በሩ ተዘግቷል፤ ሰው የለም። አብረው ከብት የሚያግዱ ልጆች፣ አብረው ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

«እሷ ናት ሰላይ» አሉ እማማ፤ ቴሌቪዥኑን እየጠቆሙ። «ይኼማ ጎረምሳ ነው።»

እኔ ግን ልጅቷ ከመመለሷ በፊት ቆም ያለችበት ላይ ቀረሁ። ያንን ቆምታ አውቀዋለሁ።

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ለአቅመ ዘመቻ የደረሰ ነበር። ቀበሌው ስሙን መዝግቧል። ሁለት የሰፈራችን ልጆች ሄደው አልተመለሱም። እናቴ ወንድሜን ጓዳ ውስጥ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ባበጀችው ጠባብ ቦታ ደበቀችው። ቀን እዚያ ይቆያል፤ ማታ ሲመሽ ወጥቶ እግሩን ያፍታታል። አባቴ በሥራ ምክንያት ክፍለ አገር ስለነበር፣ ቤት ውስጥ እናቴ፣ እኔና ሕፃን እህቴ ነን። ስለዚህ ሰው ሲመጣ በር የምከፍተው እኔ ነበርኩ።

እናቴ አስጠናችኝ። ወንድሜ የት ነው ሲሉኝ፣ ደብረ ዘይት አክስታችን ጋ፤ አክስታችን ታማለች። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሌላው ነበር። «ሲጠይቁህ ቶሎ አትመልስ። ልጅ ቶሎ ከመለሰ ተመክሮ ነው ይላሉ። ትንሽ አስብ። ዓይንህ ወደ ጓዳ እንዳይሄድ፤ የሰውዬውን ጫማ እይ።» ይህን እየደጋገመች እሷ የቀበሌ ሰው፣ እኔ እኔ ሆነን ተለማመድን። ስሳሳት አትቆጣኝም፤ ወደ በሩ ትመለስና እንደገና ታንኳኳለች።

ሰውዬው መጣ። የምናውቀው የሰፈር ሰው ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። ደስታ ከረሜላ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና «ወንድምህስ?» አለኝ። ጫማውን አየሁ። ቆም አልኩ። «አክስቴ አሟታል» አልኩ፤ ከዚያ «ደብረ ዘይት» አልኩ። ራሴን ዳበሰኝና ሄደ። ከረሜላውን በላሁት።

ያ ሰውዬ ክፉ አልነበረም። ደግነቱ ነው ያስቸገረኝ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ቶሎ እረሳው ነበር። እሱ ግን ሁልጊዜ ባገኘኝ ቁጥር ስለ አክስቴ ጤና ይጠይቀኛል፤ እኔም በየጊዜው ሕመሟን እጨምርላታለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ውሸት ኃጢአት ነው ሲሉን አንገቴን እደፋለሁ። እናቴ ለማንም እንዳልናገር ስላስማለችኝ፣ ደርግ ከወደቀም በኋላ፣ ወንድሜ አግብቶ ልጆች ወልዶም፣ አልተናገርኩም። ሚስቴ አታውቅም ነበር። ውስጤ የቀረው ግን ወንድሜን ማዳኔ አልነበረም፤ በደግ ሰው ፊት ቆሜ ያለማመንታት የምዋሽ ልጅ እንደነበርኩ ነው። በኋላ ሰው ሲያምነኝ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይጫነኝ ነበር፤ እኔን ማመን እንደማይገባው የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ።

የዚያን ቀን ጎሮ፣ ቡናው እየቀዘቀዘ፣ ለቤተሰቤና ለእማማ ነገርኳቸው። ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ልጄ «አንተ አባዬ?» አለኝ፤ የሰማሁት አድናቆት ነበር። እማማ «እናትህ ብልህ ናት፤ አንተም ልጇ ነህ» አሉና ቀጠሉ፦ «ያቺ ልጅ ዋሸችኝ ብዬ አላውቅም። እናቷን ደበቀች እንጂ።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አዝሏል። በዕድሜዬ ሙሉ ለራሴ ያልሰጠሁትን ፍርድ፣ ያኔ የተዋሸችው ሴት ሰጠችኝ። የተዋሸው ሰው ሲናገረው ነው መሰለኝ የሚያድነው።

ከዚያ በኋላ እናቴን ጠየቅኋት። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ አእምሮዋ ግን ምንም አልሆነም። ያንን ሁሉ ማን አስተማረሽ አልኳት። «ማን ያስተምረኛል?» አለች። «አንተን እያየሁ ነው። እውነት ስትናገር ቆም ትላለህ፤ ስትዋሽ ትፈጥናለህ። ስለዚህ ውሸቱን እንደ እውነትህ እንድትናገረው አደረግሁ።» ሰላይ የሚያሠለጥኑ ተቋማት ይህንን በስንት ወር እንደሚያስተምሩ አላውቅም። እናቴ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ፣ የልጇን ጠባይ አጥንታ ደረሰችበት።

ፊልሙን እንደገና ብቻዬን አየሁት፤ ያየሁት ግን ክሪስ ኢቫንስን አይደለም። ከኋላ የሚያልፉትን አየሁ፤ ስም የሌላቸውን፣ ንግግር ያልተሰጣቸውን። ሕፃን ያዘለችውን ሴት፣ ሽማግሌውን፣ የሰው እጅ ይዞ የሚሮጠውን ልጅ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ተነስተው ለሳምንታት በእግራቸው የሄዱ ናቸው። ከዚያ የሱዳን መጠለያዎቹ ኡም ራኩባና ገዳሬፍ፤ ወረርሽኝ፣ ረሃብ፣ ዝርፊያ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። መጠለያ ውስጥ ማን የማን እንደሆነ የሚያውቁት፣ ዛሬ ሌሊት እነማን እንደሚወጡ የሚመርጡትና በጨለማ ወደ መኪናው የሚያደርሱት ኮሚቴ የሚባሉ የራሳቸው ወጣቶች ነበሩ። የተያዙ አሉ፣ የተገረፉ አሉ። መኪናው ከገዳሬፍ እስከ ባሕሩ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ፣ በየኬላው ሸራ ተሸፍነው ልጆቻቸውን ዝም ያሰኙት እናቶች ናቸው። አንድ ሕፃን ቢያለቅስ ሆቴሉም፣ መርከቡም፣ የውሸት ፓስፖርቱም ምንም አይሠራም ነበር። ሥራው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው፤ ፊልሙም ሊያተኩርበት ይገባ የነበረው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ዓመታት በኋላ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ቤተ እስራኤላውያን ከቦሌ ወደ እስራኤል ተነስተዋል። ያኔ ጎሮ እርሻና ግጦሽ ነበር። መቀመጫው የተነቀለ አንድ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ጭኗል፤ ቤተሰብ እንዳይጠፋፋ ሰው ላይ ቁጥር ተለጥፏል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ከሄዱ ገና ሦስት ቀናቸው ነበር። ከዚህ መንደር ሰማይ በላይ የሆነውን ይህን ነገር የሚያሳይ የአማርኛ ፊልም አላየሁም፤ ልጆቼም ትምህርት ቤት አልሰሙትም።

የፊልም ትምህርት የሚማሩ ሁለት ወጣቶች ሰፈራችን ውስጥ አሉ። ለሁለቱ የምለውን እዚህም ልድገመው። ናሚቢያ ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ ቤተ እስራኤላውያን የኖሩበት ወገራ አለ፣ ወለቃ አለ፣ አምቦበር አለ። ጎረቤት ሆነው ያዩት እናቶች በየጊቢው አሉ። ልጆቻቸውን የደበቁ የአዲስ አበባ እናቶችም አሉ፤ እኔ የእናቴን ድምፅ በስልኬ መቅዳት ጀምሬያለሁ። የኮሚቴው ወጣቶች የነበሩት ዛሬ በቤርሳቤህ፣ በአሽዶድ፣ በናታንያ የልጅ ልጅ ያዩ አዛውንት ናቸው። ዕድሜ አይጠብቅም፤ ቶሎ ሂዱ። አማርኛና ትግርኛ ይናገራሉ፤ አስተርጓሚ አትከፍሉም።